መንገደኛ ምን ዕዳ አለበት?

በአንዲት ባዕድ ከተማ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚያርፍ ሰው ለዚያች ከተማና ለነዋሪዎቿ አንዳች ዕዳ ይኖርበታልን? ጥያቄው ሥራ ፈት ያመጣው ይመስል ይሆናል። ሆኖም ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ወላጆችና እነዚህን ወጣቶች በትምህርተ ክርስቶስ የሚያሳድጉ ካቴኪስቶች በጽሞና ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

በአገር ቤት ወጣቱን የሚያውቀው ብዙ ነው፤ ጎረቤቱ፣ የእድሩ ዳኛ፣ የቁምስናው ካህን ያየዋል። በሚማርበት አገርም ቢሆን መምህራኑና የማደሪያ ጓደኞቹ አሉ። ባቡር ለመለወጥ በሚቆምባት ከተማ ግን ስሙን የሚጠራ፣ ነገም ተመልሶ የሚጠይቀው ማንም የለም። እንዲህ ባለች ሰዓት ሰው ከኅሊናው ጋር ብቻውን ይቀራል። ወላጆች በዚህ ጊዜ የሚፈሩት መጠጥንና ዝሙትን ነው፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ፣ ድምፅ የሌለው ፈተና ነው፤ እርሱም ከተማዋን እንደ ሥዕል፣ ሰዎቿንም እንደ ሥዕሉ ጌጥ አድርጎ መመልከት ነው።

ለአብነት የጀርመኗን ኮሎኝን እንውሰድ። ከጀርመን ወደ ቤልጅየም በባቡር የሚያልፍ ተማሪ ብዙ ጊዜ እዚያ ባቡር ይለውጣል። ከጣቢያው እንደ ወጣ ታላቁን ካቴድራል ከፊቱ ቆሞ ያገኘዋል፤ ከፍታው 157 ሜትር ነው። የመሠረቱ ድንጋይ የተጣለው በ1248 ነበር (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ወጣቱ ቶማስ አኲናስ በመምህሩ በታላቁ አልበርት ሥር ሊማር ወደዚያች ከተማ እንደ ገባ ስናስታውስ፣ ባዕድ ተማሪ ለኮሎኝ አዲስ እንዳልሆነ እንረዳለን። የካቴድራሉ ሥራ በ16ኛው መቶ ዓመት ተቋረጠ፤ ድንጋይ ማንሻው የእንጨት መሣሪያም ባላለቀው ግንብ ላይ ለዘመናት ቆሞ ቀረ። በ1842 እንደ ገና ተጀምሮ በ1880 ተፈጸመ። 632 ዓመት! የመጀመሪያውን ድንጋይ የጠረበው ሰው ቀርቶ የልጅ ልጁ የልጅ ልጅ እንኳ ፍጻሜውን አላየም። ተማሪው ግን በግማሽ ሰዓት ዞሮት፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ «ኮሎኝን አየሁ» ይላል። ፎቶግራፉ ኃጢአት አይደለም፤ ሌሎች የዘሩትን አጭዶ ሳያመሰግኑ መሄድ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። በውስጡ የሰብአ ሰገል ዐፅም እንዳለበት የሚታመነውን በወርቅ የተለበጠ ሣጥንም ያያል። ይህ ዐፅም በ1164 ከሚላኖ የመጣው በድል አድራጊ መብት እንደ ነበር ጠይቆ ማወቅም ራሱ የአክብሮት ክፍል ነው፤ የአክሱምን ሐውልት ከሮም እስኪመለስ እስከ 2005 የጠበቅን እኛ ይህ አይሰወረንም።

በጣቢያው ደጃፍ እጁን የዘረጋ ድኻ ሲያጋጥም፣ «እኔ አላፊ ነኝ፤ የአገሩ ሰው ይርዳው» የሚለው መልስ ቶሎ ወደ አንደበት ይመጣል። ምክንያትም ያለው ይመስላል፤ ተማሪው ቋንቋውን አያውቅ፣ ሕጉን አያውቅ፣ ባቡሩም አይጠብቀውም። ነገር ግን በወንጌል የተነገረለት ሳምራዊ ራሱ መንገደኛ ነበር። አገሩ አልነበረም፤ በእንግዳ ማረፊያው ያደረውም አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ በማግስቱ መንገዱን ቀጠለ። ጌታችንም ጉዞውን ባለመተዉ ነቀፌታ አልጨመረበትም። የሰጠው ሁለት ዲናር፣ ማለት የሁለት ቀን የሥራ ደመወዝ ነበር፤ የቀረውን ለማረፊያው ባለቤት፣ ለነዋሪው፣ አደራ ሰጠ። ስለዚህ የቆይታው ማጠር ዕዳውን አያጠፋውም፤ መጠኑንና መልኩን ይወስነዋል እንጂ። በነጻ ትምህርት ዕድል ከሚያገኛት ጥቂት ገንዘብ የሚኖር ተማሪ ኪሱን እንዲያራግፍ አይጠበቅበትም። ለመንገድ ከያዘው ዳቦ መቍረስ፣ ያም ባይኖረው የሰውየውን ፊት አይቶ ሰላምታ መስጠት ግን ይችላል። ይህ ከንቱ ነው የሚል ካለ፣ ቀኑን ሙሉ ሳያዩት የሚያልፉትን ሰው ይጠይቀው።

ነዋሪውስ ለመንገደኛው ምን ዕዳ አለበት? በዚህ ረገድ ኮሎኝ ራሷ መልስ አላት። ብፁዕ አዶልፍ ኮልፒንግ ካህን ከመሆኑ በፊት ጫማ ሰፊ ነበር። በዘመኑ ወጣት ሙያተኞች ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ይሠሩ ነበርና፣ የሚያድሩበትን ቤት ቆሻሻነትና የሚደርስባቸውን ብቸኝነት በዐይኑ አይቷል። በ1849 በኮሎኝ የእነዚህን ወጣቶች ማኅበር አቋቋመ፤ ኋላም ማደሪያ ተዘጋጀላቸው። ነገ ይሄዳሉ ብሎ አልተዋቸውም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1991 ብፅዕናውን አውጀዋል። ከ1894 ጀምሮ ደግሞ፣ በመጀመሪያ በበርሊን ቀጥሎም በሌሎች ከተሞች፣ ክርስቲያኖች በባቡር ጣቢያዎች ውስጥ የመንገደኞች መርጃ ክፍል ከፈቱ፤ የጅምሩ ዓላማ ከገጠር ሥራ ፍለጋ የሚመጡ ልጃገረዶችን ከአታላዮች መጠበቅ ነበር። ዛሬም ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በአንድነት ይሠሩበታል።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ወደ ራሳችን መናኸሪያዎች ይሄዳል። ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ዱባይ ለመሄድ ከገጠር የምትመጣ እኅታችን በአዲስ አበባ የምታርፈው ብዙ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ነው። ከአውቶቡስ ስትወርድ ቀድሞ የሚቀበላትም አብዛኛውን ጊዜ ደላላው ነው። በመናኸሪያ አቅራቢያ ያለ አንድ ቁምስና አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና ቋንቋዋን የምትናገር አንዲት ካቴኪስት ቢመድብ ሥራውን መጀመር ይቻላል፤ የሌላው ወጪ ነገር ከዚያ በኋላ ይታሰባል።