ዩኒፎርሙና ቀሚሱ

አንዲት ሴት የልብስ ስፌት ቤት ነበራት። በወር 500 የተማሪ ዩኒፎርም ታሰፋለች፤ ለሰርግና ለክርስትና ደግሞ በልክ የሚሰፉ 50 ቀሚሶች። ጨርቁን ደንበኛ ያመጣል። ሰፊዎቹ የሚከፈላቸው በቁጥር ነው፤ ለዩኒፎርም 120 ብር፣ ለቀሚስ 400። ከዚያ ውጭ ባለቤት ያልተገኘለት ወጪ አለ፦ ኪራይ፣ መብራት፣ የቆራጩ ደመወዝ፣ እንግዳ ተቀብላ ልክ የምትወስደው ልጅ ደመወዝ። ሲደመር በወር 60,000 ብር ይሆናል።

ሒሳብ ያዡ ይህን የሚያካፍለው በስፌት ሰዓት ነበር። ዩኒፎርም አንድ ሰዓት፣ ቀሚስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በጠቅላላው 600 ሰዓት፤ ለሰዓት 100 ብር ይደርሳል። እንግዲህ ዩኒፎርሙ 220፣ ቀሚሱ 600 ብር ፈጀ ተባለ። ዩኒፎርሙን በ250፣ ቀሚሱን በ1,000 ብር ስለምታስረክብ በቀሚሷ ብትኮራ አይፈረድባትም።

አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ፣ ሌላ ሰፊ በ210 ብር እሰፋለሁ ማለቱን ነገራት። «220 የሚፈጀውን በ210? እሱው ይክሰርበት!» ብላ ልትተወው ስትል አሮጌው ቆራጭ ጣልቃ ገባ።

«እትዬ፣ እኔን ዩኒፎርሙ መቼ አደከመኝ? ሃያ አምስቱን ደርቤ በማሽን አንዴ እቆርጠዋለሁ። ወገቤን የጨረሰው ቀሚሱ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ቅድ አለው። ልጅቷንም ይጠይቋት። የቀሚስ ደንበኛ ሦስት ጊዜ ትመላለሳለች፤ አንዴ ለልክ፣ ሁለቴ ለሙከራ።»

ሴትዮዋ ደብተር ገዝታ ለአንድ ወር ሁሉን አስመዘገበች። ለኪራይና ለመብራት የሚወጣው 18,000 ብር በእርግጥም ከስፌት ሰዓት ጋር ይሄዳል፤ ለሰዓት 30 ብር። ለቆራጩ የሚወጣው 21,000 ግን ከቆረጣ ጋር ነው የሚሄደው፤ 20 ቆረጣ ለዩኒፎርም፣ 50 ለቀሚስ፣ እያንዳንዱ 300 ብር። ለእንግዳ መቀበያ የሚወጣው 21,000 ደግሞ ከምልልስ ጋር፤ 25 ለዩኒፎርም፣ 150 ለቀሚስ፣ እያንዳንዱ 120 ብር። አንዱ ዩኒፎርም ከጋራ ወጪው የሚደርሰው 48 ብር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቀሚሱ 720! የሰፊው ሲጨመርበት 1,120 ብር የፈጀውን ቀሚስ በ1,000 ስትሸጥ ኖራለች።

ዩኒፎርሙን በ210 ብር ተስማማችና አተረፈች። የቀሚሱን ዋጋ ከፍ አደረገች፤ ከሁለተኛው ምልልስ በኋላ ለሚመጣም ክፍያ አስቀመጠች።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የጆን ዲር ኩባንያ የትራክተር አካላት ፋብሪካ ያጋጠመው ይኸው ነበር። በብዛት በሚመረቱ ዕቃዎች ጨረታ ይሸነፋል፤ ጥቂት ጥቂት በሚታዘዙት ያሸንፋል። ማሽን ለአዲስ ትእዛዝ ማስተካከል የሚፈጀው ወጪ በብዙዎቹ ላይ ተጭኖ ነበርና። ሮበርት ካፕላንና ሮቢን ኩፐር በሐርቫርድ ያስተማሩት፣ የጋራ ወጪን በሥራ ዓይነት የማከፋፈል ስሌት ከእንዲህ ያለ ልምድ ወጣ። አሠራሩ አጭር ነው፦ ወጪው የትኛውን ሥራ እንዳሠራ ይለያል፤ ያንን ሥራ ምን እንደሚያበዛው ይቆጠራል፤ ዕቃው በጠራው ልክ ይከፍላል። ስሌቱ ከዋጋ ማስተካከል በላይ ይጠቅማል፤ ሴትዮዋ ምልልሱ ራሱ ገንዘብ መሆኑን ያየችው በእሱ ነው።

ቆጠራው ራሱ ግን ወጪ አለው። ሠራተኛን እየጠየቁ ጊዜውን በመቶኛ ማስከፋፈል ትልልቅ ድርጅቶችን አሰልችቶ ብዙዎች ስሌቱን ትተውታል። ካፕላን ከስቲቨን አንደርሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ቀለል ያለ መንገድ አቀረበ፤ የሚያስፈልጉት የአንድ ደቂቃ ዋጋና ሥራው የሚፈጀው ደቂቃ ናቸው። ለአነስተኛ ስፌት ቤት ይህም ይበዛል ባይ ነኝ፤ ደብተሩና አንድ ወር ይበቃሉ። የንግድ ፈቃድ ማሳደሻን የመሰለውን ወጪ ግን የትኛውም ቀሚስ አልጠራውም፤ በግድ ከማከፋፈል ለብቻው ጻፉት።