የበላዔ ሰብእ ሚዛንና የነጋዴው ሚዛን

በጅማ አካባቢ የቡናው ለቀማ አልቆ ገንዘብ በእጅ ሲገባ የኪዳነ ምሕረት በዓል ይደርሳል። አንድ ዓመት የካቲት 16 ቀን በአጋሮ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ለምእመናን ነገርሁ። ይኸውም 78 ነፍስ ያጠፋው ሰው ስለ እመቤታችን ስም ለተጠማው ድኻ የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ደፍቶለት እንደ ዳነ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ የቡና ነጋዴ ደስ ብሎት ቀረበና፥ «አባ፥ እንኪያስ እኔ ብዙ እመጸውታለሁና አልፈራም» አለኝ። የለቃሚዎቹን ቡና በሐሰተኛ ሚዛን እንደሚቀበል አውቅ ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ስለ ሰጠ ግን ዝም አልሁ።

ጥፋቱ የታሪኩ ነውን? አይደለም፤ የነጋሪው ነው። በላዔ ሰብእ የሰጠው ከገዛ መጠጫው እንጂ ከድኻ ነጥቆ አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር አለፍሁ። ነቢዩ ናታን ግን ለዳዊት የድኻውን በግ ምሳሌ ከነገረው በኋላ፥ ባለጠጋው እርሱ ራሱ መሆኑን ሳይፈራ ገለጠለት (2ኛ ሳሙ. ምዕ. 12)።

ዘግይቼም ቢሆን ለነጋዴው ብቻውን ይህንኑ ነገርሁት፤ ዝም ብሎ ሄደ፤ ስጦታውም ቀረ። ወንድሞቼ ካህናት ሆይ፥ ታሪክ የሚፈጸመው ሰሚው ራሱን ሲያገኝበት ነውና፥ ስለ ቆርቆሮ ብለን ፍጻሜውን አናስቀር።