ጉርሻው ለማን ይገባል?

ቢቸናም ሆነ ሞጣ ጤፉን በቁርጥ ያሳጨደ ገበሬ ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት ማሳውን ይዞራል። አጫጁ ተጠንቅቆ ሠርቶ እንደሆነ ከተዋዋሉት በላይ ጥቂት ብር ጣል ቢያደርግለት ደስ እያለው ነው። ቅጽ አይሞላም፣ ኮሚቴም አያቋቁም። ግምገማው የሚታመነው ግን የረገፈው ጤፍ የራሱ እንጀራ ስለሆነ ነው።

ገንዘቡም ኪሳራውም የገምጋሚው ባልሆነበት ጊዜስ? በመከላከያ ግዥ ላይ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። አገር ለሠራዊቷ የምትገዛውን ብዙውን ዕቃ ገና ሳይሠራ ትዋዋልበታለች። ስለዚህ በዋናው ዋጋ ላይ፣ «ከጠበቅነው በላይ ከሠራህ ይህን ያህል እንጨምርልሃለን» የሚል ጉርሻ የሚታከልበት ጊዜ አለ።

የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1908 ከራይት ወንድማማቾች ጋር የተዋዋለው እንዲህ ነበር። አውሮፕላኑ በሰዓት 40 ማይል ቢበር ዋጋው 25 ሺህ ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ማይል አሥር በመቶ ይታከላል፤ ለሚጎድለውም አሥር በመቶ ይቀነሳል። በ1909 ሲለካ 42 ማይል ተኩል ያህል በረረና 30 ሺህ ዶላር ተከፈላቸው። መለኪያው አስቀድሞ ተጽፏል፤ ጉርሻ ብቻ ሳይሆን ቅጣትም አለው። ከሁሉም የሚገርመው ደግሞ በፈተናው በረራ አንድ የጦር መኮንን ከአብራሪው ጎን መቀመጡ ነው። አውሮፕላኑ ቢወድቅ አብሮ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ሰው በይሉኝታ «በጣም ጥሩ» ብሎ አይፈርምም!

ወደ እኛ እንምጣ። በ2002 ዓ.ም. የመከላከያ ኢንዱስትሪዎችን አቅፎ የተቋቋመው፣ በጦር መኮንኖች ይመራ የነበረው ሜቴክ፣ ከሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ጀምሮ እስከ በለስ ስኳር ፋብሪካዎች ድረስ ተሰጥቶት ነበር። በነሐሴ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ፣ ያን ሁሉ ዓመት ተጠብቆ አንድም ተርባይን ሥራ አለመጀመሩን ተናገሩ፤ የግድቡም ሥራ ከእጁ ወጣ። በኅዳር 2011 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ድርጅቱ ወደ 37 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ ፈጽሟል አለ።

ጥፋቱን ሁሉ በሌቦች ላይ መጣል ይቀለናል። ግን እስቲ ሌቦቹን ለጊዜው እንተዋቸው። አሠሪው መንግሥት፣ ሠሪው መንግሥት፣ ገምጋሚውም መንግሥት በሆነበት ቤት አንድ ቅን ሰው ቁጭ ቢል ምን ያደርግ ነበር? የሚለካው ጓዱን ነው፤ ምናልባትም አለቃውን። ቢያበላሽበት ከደመወዙ የሚቆረጥ ነገር የለም፤ እውነቱን ቢናገር ግን ወንበሩ ይነቃነቃል። ይህ ሰው ሌባ ባይሆንም ሌባው የሚፈልገውን ፊርማ ይሰጣል።

ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ያምራል እንላለን። ጎራሹ ሌላ፣ የሚጨነቀው ሕዝብ ሲሆን ግን አያምርም። ሰው ከራሱ ኪስ አውጥቶ ላልተሠራ ሥራ ቢከፍል ደግነት ልንለው እንችላለን። ከሕዝብ ኪስ አውጥቶ «ይሁን፣ ደክመዋል» የሚል ገምጋሚ ግን ደግ አይደለም፤ በሰው ገንዘብ ወዳጅ እየገዛ ነው።