ሲያወሩ የኖሩ አባት ሲሞቱ ምን ይወረሳል?

 

ሰው ሲሞት ንብረቱ በሸሪዓ ይከፋፈላል። ለሚስት የሚደርሳት፣ ለልጆችና ለወላጆች የሚደርሳቸው ድርሻ በቁርኣን ተለይቶ ተቀምጧል። ሟቹ ወሬ የሚወዱ አባት ከነበሩ ግን ከከብቱና ከእርሻው ሌላ የሚቀር ነገር አለ፤ እርሱም ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩት የኖሩት ቃል ነው። ይህን ማን ይወርሰዋል? ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ ይህ ነው።

አንድ የሮቤ አዛውንት ወደ አኼራ ሄደዋል። ቤተሰባቸው ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ ስላልፈለገ አልጠቅሰውም። ባል፣ አባትና አያት ነበሩ። ከሮቤ ጎባ ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእርሳቸው ግን ለአንድ ወሬ እንኳ አይበቃቸውም ነበር። ተሳፋሪው ጎባ ደርሶ ሲወርድ እርሳቸው ገና መግቢያው ላይ ናቸው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ መስጊድ በር ላይ ቆመው ሰውን ሁሉ በየስሙ ይጠይቁታል። ላሚቱ ወለደች ወይ? ልጁ ከአዲስ አበባ ደወለ ወይ? ገብሱን ውርጭ አልነካውም ወይ? ቤት ገብተው ቡና ቀላ ሲቀርብ ደግሞ ወሬው እንደገና ይጀመራል። ባለቤታቸው፣ «እርሳቸው ዝም የሚሉት ሲሰግዱና ሲተኙ ብቻ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

ከአፋቸው የሚወጣው ብዙ ነው። ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ የነበረችበትን ዘመን፣ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በጄኔራል ዋቆ ጉቱ መሪነት የተካሄደውን የባሌ ገበሬዎች አመፅ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጭሰኛው የሆነውን ሁሉ ያዩትን እንዳዩት፣ የሰሙትን እንደሰሙት ይናገሩ ነበር። ልጆቻቸው ግን፣ «አባ፣ ይህን እኮ መቶ ጊዜ ሰምተነዋል» ይሏቸዋል። የልጅ ልጆቹም ዓይናቸው ከስልካቸው ላይ አይነሳም።

በእርግጥ ዲናችን ምላስን እንድንጠብቅ አጥብቆ ያዘናል። በአላህና በመጨረሻው ቀን ያመነ ሰው ወይ መልካም ይናገር፣ ካልሆነም ዝም ይበል ተብለናል። አንዳንዶቻችን ይህን ሐዲስ አዛውንትን ዝም ለማሰኘት እንጠቅሰዋለን። ነገር ግን ሐዲሱ የሚጀምረው መልካም በመናገር ነው። ሐሜት የሌለበት ወሬ፣ ዘመድን የሚጠይቅ፣ የተጣላን የሚያስታርቅ አንደበት ከመልካሙ ወገን ነው። እኒህ አባት የሌለ ሰው ሲታማ ከሰሙ ወዲያው ወሬውን ወደ ከብትና ወደ ዝናብ ያዞሩት ነበር።

እስቲ ሱረቱ ሉቅማንን ልብ እንበል። አላህ (ሱ.ወ.) አንድ አባት ልጁን ቁጭ አድርጎ የተናገረውን ምክር በቁርኣኑ ውስጥ አኖረልን። በአላህ አለማጋራትን፣ ሶላትን፣ በእርጋታ መራመድን፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግን በዚያ ንግግር ውስጥ እናገኛለን። የአባት ወሬ ዋጋ ባይኖረው ኖሮ እስከ ቂያማ የሚነበብ ባልሆነ ነበር።

ማዳመጥንም ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንማር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አሥራ አንድ ሴቶች ተሰብስበው ስለ ባሎቻቸው የተጫወቱትን ረጅም ታሪክ ሲነግሯቸው እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው። የመላውን ኡማ ኃላፊነት የተሸከሙ ነብይ ለሚስታቸው ወሬ ጊዜ ካላጡ፣ እኛ ለአባታችን ወሬ ጊዜ አጣን ማለት ያሳፍራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኒህ አባት ደጋግመው የሚያወሩት አንድ የፈረስ ታሪክ ነበራቸው። በወጣትነታቸው ከዲንሾ ወዳጃቸው ፈረስ ገዙ፤ ፈረሱ ግን የድሮ ጌታውን ናፍቆ በሌሊት እያመለጠ ወደ ዲንሾ ይመለስ ነበር። ልጆቹ የሚያስታውሱት ሳቁን ነው። ከቀብሩ በኋላ ዕዳ ሲጠየቅ እናትየው፣ «የዚያ ፈረስ ዋጋ እኮ ግማሹ አልተከፈለም፤ እርሳቸው ወሬውን ሲጨርሱ ሁልጊዜ ይህን ይሉ ነበር» አሉ። ልጆቹ መጨረሻውን ሰምተውት አያውቁም፤ ሳቁ ካለቀ በኋላ ይነሱ ነበርና። የሙእሚን ነፍስ ዕዳው እስኪከፈል ድረስ በዕዳው ተንጠልጥላ እንደምትቆይ የተነገረውን እያወቅን፣ አባት በየቡናው የተናዘዙትን ዕዳ አለመስማት ምን ያህል ከባድ ነገር ነው! ልጆቹ ዲንሾ ሄዱ። ወዳጅየውም ሞተው ኖሮ ወራሾቻቸውን አግኝተው ሒሳቡን ጨረሱ። በዚያው ቀን ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው በሉ፤ የተቋረጠውም ዝምድና ተቀጠለ።

ይህ ከሱና የራቀ ነገር አይደለም። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) በመካ መንገድ ላይ አንድ የገጠር ሰው አግኝተው የሚጋልቡትን አህያና የራሳቸውን ጥምጣም ሰጡት። ምክንያቱን ሲጠየቁ የሰውየው አባት የአባታቸው ወዳጅ እንደነበረ ተናገሩ፤ ከበጎ ሥራ ሁሉ የሚበልጠው የአባትን ወዳጆች መጠየቅ መሆኑንም ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ገለጹ። ታዲያ የአባቱን ወሬ ያልሰማ ልጅ የአባቱን ወዳጅ በምን ያውቀዋል? አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ያለው ልጃችን አጋርፋና ጎባ ያሉትን የአባቱን ባልንጀሮች በመንገድ ቢያገኛቸው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ያልፋቸዋል።

ስለ እናታችንም አንድ ቃል ልጨምር። ለተዕዚያ የመጣው ሰው ከሦስት ቀን በኋላ ወደየቤቱ ይሄዳል። ለሚስት ግን ዒዳዋ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። በወሬ ተሞልቶ የኖረ ቤት በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲል ምን እንደሚመስል የምታውቀው እርሷ ናት። «ይርሱት፣ አያንሱት» አንበላቸው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ኸዲጃን (ረ.ዐ.) ከሞቱ ከዓመታት በኋላም ያነሷቸው ነበር፤ በግ ሲያርዱም ለወዳጆቻቸው ይልኩላቸው ነበር። ሙሾና ደረት መምታት ተከልክሏል፤ ሟቹ ያልሠሩትን እየጨመሩ ማወደስም አይገባም። የሠሩትን መልካም ማንሳት ግን አልተከለከለም። ስለዚህ እናትየው ይናገሩ፤ እኛም ተራ ገብተን እናዳምጥ።

ሰው ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገር በቀር ይቋረጣል፤ ቀጣይ ሰደቃ፣ የሚጠቅም ዕውቀት፣ ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ። የአባት ወሬ ልጁ ከያዘው ከሚጠቅም ዕውቀት የሚገባ ብዙ ነገር አለበት።

ወንድሞችና እህቶች፣ ወሬ የሚወድ አባት በሕይወት ያላችሁ ዛሬውኑ ከአጠገባቸው ቁጭ በሉ። በእጃችን ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል፤ እርሱንም ተጠቀሙበት። ማን እንዳበደራቸው፣ ለማን እንዳበደሩ፣ ማን ዘመዳቸው እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ። ዕዳ እንዲጻፍ ያዘዘው ራሱ ቁርኣን ነው። ወሬውንም እስከ መጨረሻው ስሙት።

አላህ (ሱ.ወ.) የሞቱትን አባቶቻችንን ይማርልን፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው። ባለቤቶቻቸውን ሰብር ይስጣቸው። እኛንም የሚያዳምጡ ልጆች ያድርገን። አሚን።