ለማን የማይሰማ ድምፅ?

ባሕር ላይ የቆመ ጀልባ ብቻውን አይኖርም። ውኃ ከነካ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ግርጌው በባክቴሪያ ልጋግ ይሸፈናል፤ አልጌ ይከተላል፤ ባርናክል የተባለው ቅርፊታም ፍጡርም በራሱ ሙጫ ተጣብቆ ይሰፍራል። ጀልባው ይከብዳል፣ ነዳጅ ይፈጃል። ይህን ለመከላከል ባለጀልባዎች በገዛ እጃቸው የሚሠሩት አንድ መሣሪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሊከን ቺፕ የተባለው የአውስትራሊያ መጽሔት ንድፉን ለአንባቢዎቹ አቅርቦት ነበር። በባትሪ የሚሠራ ሰርኪውት፣ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የሚርገበገብ የፒዞኤሌክትሪክ ሴራሚክ ያንቀሳቅሳል። ሴራሚኩ ከጀልባው ውስጠኛ ግድግዳ ጋር በኤፖክሲ ስለሚጣበቅ ግድግዳው ራሱ ድምፅ ማጉያ ይሆናል። ድምፁ ባብዛኛው ከ20 እስከ 50 ኪሎኸርዝ ነው፤ የሰው ጆሮ ደግሞ 20 ገደማ ላይ ያበቃል። ሠሪው እንግዲህ መርዝ አልረጨሁ፣ ማንንም አልረበሽኩ ብሎ በሰላም ይተኛል። ይህ የሕሊና ዕረፍት ግን የተቸኮለ ይመስለኛል። እኛ የማንሰማው ነገር ሌላውን እንደማይጎዳ የሚያረጋግጥልን ምንድን ነው?

የመርዙን ታሪክ እናስታውስ። ትራይቡቲልቲን የተባለ መርዝ ያለበት ቀለም በጊዜው ለጀልባ የተገኘ ትልቅ መፍትሔ ነበር። በፈረንሳይ አርካሾን የባሕር ወሽመጥ ግን ኦይስተር የተባሉት ቅርፊታም እንስሳት መራባት አቃታቸው፣ ቅርፊታቸውም ከልክ በላይ ወፈረ። በሌሎች ዳርቻዎች የሴት ቀንድ አውጣዎች የወንድ ብልት አበቀሉ። ፈረንሳይ በ1982፣ ብሪታንያ በ1987 ቀለሙን ለትናንሽ ጀልባዎች ከለከሉ፤ ዓለም አቀፉ እገዳ የጸናው ግን በ2008 ነው። አርካሾንን የበከሉት የጦር መርከቦች አልነበሩም፤ የመዝናኛ ጀልባዎች ናቸው። «የእኔ አንዲት ጀልባ ምን ታመጣለች?» የሚለው ሰበብ እዚያው ወሽመጥ ውስጥ ተፈትኖ ወድቋል።

የድምፁስ ጉዳይ? በ2022 የታተመ አንድ ጥናት በሜክሲኮ ጓዳሉፔ ደሴት አጠገብ የሚኖሩትን የኩቪየር ባለምንቃር ዓሣ ነባሪዎች ተመልክቷል። እነዚህ እንስሳት በጥልቁ ጨለማ የሚያድኑት ድምፅ አውጥተው ማሚቶውን በማዳመጥ ነው፤ የድምፃቸው ጉልበትም 40 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም መሣሪያው በሚጮኽበት ክልል መካከል ነው። የቱሪስት ጀልባዎች ላይ የተገጠመው ይኸው ዓይነት መሣሪያ በሚሠራበት ጊዜ የዓሣ ነባሪዎቹ ድምፅ በጉልህ ቀነሰ። ለእኛ ዝምታ የሆነው ለእነሱ የማደኛ መንገዳቸውን የሚዘጋ ጩኸት ሊሆን ይችላል።

ጠንካራው ተቃውሞ ግን እዚህ ላይ ይመጣል። የቆሸሸ ጀልባም ንጹሕ አይደለም፤ በ1999 በአውስትራሊያ ዳርዊን ወደብ ከሩቅ በጀልባ ግርጌ ተጣብቆ እንደመጣ የሚታሰብ፣ ሙስል የተባለ ወራሪ ቅርፊታም ፍጡር ተገኝቶ፣ እሱን ለማጥፋት የጀልባ ማቆሚያዎች በክሎሪንና በመዳብ ሰልፌት ተመርዘዋል። ይህን እቀበላለሁ፤ ከጉዳት ሁሉ የነጻ አማራጭ የለም። ነገር ግን የቆሸሸ ጀልባ መጉዳቱ ድምፁን ከጥያቄ አያድነውም። እግዚአብሔር ፍጥረትን ለሰው አስገዝቷል የሚልም አለ። ኦሪት ዘፍጥረትን በቅደም ተከተል ያነበበ ሰው ግን ብዙ ተባዙ የሚለው በረከት በአምስተኛው ቀን ለባሕር ፍጥረታት እንደተሰጠ፣ ሰው ደግሞ በማግሥቱ እንደተፈጠረ ያያል። ገዢው የመጣው አስቀድሞ በተባረከ ቤት ላይ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ጉዳቱ አልተረጋገጠም» የሚለው ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝም ይኸው ነው። ሠሪው መሣሪያው እንደሚሠራ በምን አወቀ? ጀልባው አንድ ወቅት ንጹሕ ሆኖ ስለወጣ ነው። ውኃው በዚያ ዓመት ቀዝቅዞ ይሆናል፤ ጀልባው ብዙ ተጉዞ ይሆናል። ግማሹን ግድግዳ ያለ ድምፅ ትቶ ማወዳደርም ይከብዳል፣ ድምፁ በግድግዳው ውስጥ ይዛመታልና። ለጥቅሙ አንድ ጀልባ የበቃው ሰው ለጉዳቱ ሲሆን ሙሉ ሳይንስ ይጠይቃል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሐንስ ዮናስ በ1979 ባሳተመው መጽሐፉ የሰው ኃይል ከአርቆ ማየቱ በበለጠበት ዘመን ከተስፋው ይልቅ ለክፉው ትንበያ ቅድሚያ ይሰጥ ሲል ተከራክሯል። ይህ መርሕ በደፈናው ከተወሰደ ምንም እንዳንሠራ ያስራል፤ እዚህ ጋ ግን የሚጠይቀው ትንሽ ነው፣ ሚዛኑ ለጥቅሙም ለጉዳቱም አንድ እንዲሆን።

በእጁ የሠራ ሰው ደግሞ የተሠራውን ከሚገዛ ሰው ይልቅ ዕድል አለው፤ ሰርኪውቱን ያውቀዋል፣ ማጥፊያ ይጨምርበታል። የባርናክል እጭ በይበልጥ የሚሰፍረው በቆመ ጀልባ ላይ ስለሆነ፣ መሣሪያውን ወደብ ላይ አብርቶ ዓሣ ነባሪ በሚኖርበት ጥልቅ ባሕር ማጥፋት ብዙ አያስከፍለውም። ወደብ ድረስ የሚገቡት ፖርፖይዝ የተባሉት ትንንሽ የዓሣ ነባሪ ዘመዶች ግን እስከ 100 ኪሎኸርዝና ከዚያም በላይ ያለውን ድምፅ ይሰማሉ፤ ለእነሱ ይህ ማጥፊያ ምንም አልፈታላቸውም።