የሚበሰብስ ነገር ይጠፋልን?

ሥጋዊ ፍጥረት ሁሉ ወደ መሬት እንደሚመለስ ሊቃውንት ሲያስተምሩ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ የመመለሻው ጎዳና አንድ ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረዳን በጃፓን አገር ቦካሺ የተባለው፣ የወጥ ቤትን ትርፍራፊ በባልዲ አፍኖ የማብላላት ጥበብ ነው። ጀማሪው ልጣጩንና ፍርፋሪውን ከትፎ ያነጥፋል፤ በላዩም በሞላሰስና በረቂቃን ተሕዋስያን የታሸ ፉርሽካ ነስንሶ፣ አየር እንዳይቀርበት ተጭኖ ይከድናል፤ ከታች የሚጠራቀመውንም ፈሳሽ በየጥቂት ቀኑ ይቀዳል (ይህን የዘነጋ ሰው አፍንጫው ይመሰክርበታል)፤ ባልዲው ከሞላ በኋላ 2 ሳምንት ያህል ታሽጎ ይቆያል። ክዳኑ ሲነሣ የሚገኘው ግን አፈር ሳይሆን፣ መልኩን እምብዛም ያልለወጠ፣ እንደ ኮጮ የኮመጠጠ ነገር ነው፤ መልኩን ጨርሶ የሚያጣው ተቀብሮ ሲሰነብት ነው፤ እስከዚያም ድረስ ኮምጣጣነቱ ሥርን ስለሚጎዳ ተክል አይጠጋውም።

ሰባክያን ይህን የትንሣኤ ምሳሌ ለማድረግ ቢቸኩሉ እኔ አልስማማም፤ ልጣጩ ልጣጭ ሆኖ አይነሣምና። የሚያስደንቀኝስ፣ ያው ትርፍራፊ እንዲሁ በከረጢት ታስሮ ሲጣል ግማት፣ ሥርዓት ሲሠራለት ግን የተክል ሲሳይ መሆኑ ነው፤ ስለዚህም ርኩሰቱ ከባሕርዩ ሳይሆን ከእኛ አጣጣል የመጣ ይመስለኛል።