ኳስ የሚያመልጠው ሰው እስከ መቼ ይጠበቃል?

አማርኛችን ትዕግሥትን ሲያወድስ ልክ የለውም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል፤ «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» ይላል። እርግጥ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚልም አለው። ነገር ግን ከሁለቱ ምክሮች የትኛው መቼ እንደሚያገለግል ተረቱ አይነግረንም፤ ያንን ለእኛ ትቶታል። እኔን ሰሞኑን ያስቸገረኝ ይኸው የተተወልን ክፍል ነው። ተስፋ የተጣለበት ሰው አንድ ቀን ሠርቶ ሌላ ቀን ሲያበላሽ እስከ መቼ ነው የሚጠበቀው? የሚጠበቀውስ በማን ኪሳራ ነው?

ጥያቄውን ይዤ ወደ አንድ እንግዳ ሜዳ እሄዳለሁ፤ አሜሪካኖች «እግር ኳስ» እያሉ በእጃቸው ወደሚጫወቱት ጨዋታ። ለምን ቢባል፣ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት ትዕግሥት የሚሰፈርበት ቁና የለም። እዚያ ግን እያንዳንዱ ያመለጠ ኳስ ይቆጠራል፣ የእያንዳንዱ ሰው ደመወዝ ይታወቃል፣ እስከ መቼ እንደሚጠበቅም በውል ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚህ ጨዋታ ጋር ያስተዋወቀኝ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። አሜሪካ ሲገባ መጀመሪያ ያረፈው ፊላደልፊያ ስለ ነበር ዛሬም የፊላደልፊያ ኢግልስ ደጋፊ ነው። ስልክ ሲደውል ከቤተሰብ ጤንነት ቀጥሎ የሚያነሣው የቡድኑን ነገር ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ኳሱን የያዘው ቡድን 10 ያርድ ወደ ፊት ለመግፋት አራት ሙከራ አለው፤ ካልቻለ ኳሱ ወደ ባላጋራው ይሄዳል። ከመካከል ሆኖ ኳስ የሚወረውር አንድ ሰው አለ፤ ኳርተርባክ ይሉታል። ከዳር ተሰልፈው ሮጠው የሚቀበሉት ደግሞ ዋይድ ሪሲቨር ይባላሉ፤ እኔ ተቀባይ እላቸዋለሁ። አሁን የምናገረውን ነገር ልብ በሉልኝ፣ የጉዳዩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነውና። ጥሩ ወርዋሪ ብዙ ጊዜ ኳሱን ከእጁ የሚለቀው ተቀባዩ ገና ፊቱን ሳያዞር ነው። የሚወረውረውም ሰው ወዳለበት ሳይሆን፣ ሰው ይደርስበታል ተብሎ ወደ ታሰበ ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ ወጥነት የሌለው ተቀባይ ከቀርፋፋው ይልቅ ያስቸግራል። ቀርፋፋውን ቀርፋፋ መሆኑን አውቀው ያሰልፉታል፤ ለድክመቱ ቦታ ይፈልጉለታል። አንድ ቀን የሚገኘውን፣ አንድ ቀን የማይገኘውን ሰው ግን ማን ያቅደዋል? ወርዋሪው ሁለት ሦስት ጊዜ ካፈረ በኋላ ወደዚያ ወገን መወርወሩን ይተዋል። ያን ጊዜ ልጁ ቢሻሻል እንኳ መሻሻሉን የሚያሳይበት ኳስ አይደርሰውም።

ኔልሰን አጎሎር እንዲህ ያለ ተቀባይ ነበር። በ1993 ሌጎስ ተወልዶ፣ በአምስት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ፍሎሪዳ የሄደ ልጅ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፊላደልፊያ በ2015 ምልመላ በመጀመሪያው ዙር፣ በ20ኛው ተራ ወሰደው። በመጀመሪያው ዓመት 23 ኳስ ቀብሎ 283 ያርድ ሄደ፤ በሁለተኛው 36 ኳስ ቀብሎ 365 ያርድ። ለመጀመሪያ ዙር ልጅ ይህ የሚያሳፍር ቁጥር ነው። በኖቬምበር 2016 ሲያትል ላይ በተደረገ ግጥሚያ ያለ ቦታው በመቆሙ የጓደኛው ረጅም ነጥብ ተሰረዘ፣ የተመቸ ኳስም ከእጁ ወደቀ። ከጨዋታው በኋላ በራሱ ላይ ጫና እንዳበዛ ሳይደብቅ ለጋዜጠኞች ተናገረ። አሠልጣኙ ዳግ ፒደርሰን በሚቀጥለው ግጥሚያ አላሰለፈውም። የአክስቴ ልጅ ያን ሰሞን ሲደውል የተናገረውን እዚህ ላይ ልጽፈው አልችልም።

ከዚያስ? በ2017 ይኸው ልጅ 62 ኳስ ቀብሎ 768 ያርድ ሄደ፣ ስምንት ጊዜም ታችዳውን አስቆጠረ። በፌብሩዋሪ 4 ቀን 2018 ፊላደልፊያ ኒው ኢንግላንድን 41 ለ 33 አሸንፎ የመጀመሪያውን ሱፐር ቦውል ሲያነሣ አጎሎር ዘጠኝ ኳስ ተቀብሎ 84 ያርድ ሄዷል። ደጋፊው ሁሉ «ትዕግሥት ፍሬ አፈራ» አለ። የአክስቴ ልጅማ ከመጀመሪያው ያውቅ እንደ ነበር ማለ።

እኔ ግን «ትዕግሥት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያልሠራውን ሥራ የወሰደ ይመስለኛል። ዝም ብሎ መጠበቅማ በ2015ም በ2016ም ነበረ፤ ምንም አላመጣም። በ2017 የተለየው ነገር ሌላ ነው። ቡድኑ ሌሎች ተቀባዮችን አመጣና ከዳር የነበረበትን ሸክም ቀነሰለት። በመካከለኛው መስመር ይጫወት የነበረውን ጆርዳን ማቲውስን በኦገስት 2017 ወደ ቡፋሎ ላከና አጎሎርን እዚያ አስገባው። ለተቀባዮቹም አዲስ አሠልጣኝ መደበ። ሰውዬውን አልጠበቁትም፤ ቦታውን ለወጡለት። አንድ ግጥሚያ ማስቀረቱም ከሥራው አንዱ ነበር፤ «ይህ አይሆንም» ተብሎ በግልጽ ያልተነገረው ሰው ምኑን ያሻሽላል? በየመሥሪያ ቤቱ ትዕግሥት እየተባለ የሚወደሰው ግን አብዛኛው ይህ አይደለም። ችግሩን ለሰውዬው ለመንገር ማፈር ነው፤ ዓመት ሲያልፍ ደግሞ «ታግሠነው ነበር» ብሎ ማባረር ነው።

አሁን ወደ እንቁላሉ ልመለስ። ዶሮ እንቁላሏን የምታቅፈው 21 ቀን ያህል ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ከአንዲት ዶሮ ሥር የሚገባው እንቁላል በቁጥር የተወሰነ ነው። የማይፈለፈለው እንቁላል ሌላ እንቁላል ሊታቀፍበት ይችል የነበረውን ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ተረታችን ስለዚህ ስላልታቀፈው እንቁላል አንድ ቃል አይተነፍስም። አሜሪካኖቹ ዘንድ ቁጥሩ ይታወቃል። እያንዳንዱ ቡድን የበጋ ልምምዱን በ90 ተጫዋች ይጀምራል፤ በኦገስት መጨረሻ የሚቀሩት 53 ናቸው። ቡድኖቹ 32 ስለሆኑ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሺህ የሚበልጥ ሰው ዕቃውን ይሸክፋል። ከፊሉ ወደ ልምምድ ቡድን ይመለሳል፣ የቀረው ወደ ቤቱ። ወጥነት ለሌለው የመጀመሪያ ዙር ልጅ የተሰጠች አንዲት ቦታ ከእነዚህ ከአንዱ የተወሰደች ናት። የዚያን ሰው ስም አናውቀውም። ለተጠበቀው ማዘን ቀላል ነው፤ ፊት አለው፣ ስም አለው፣ ሲያለቅስም በቴሌቪዥን ይታያል።

ሚኔሶታ ቫይኪንግስ ውስጥ የሆነው ይህን ከማንም በላይ ያሳየኛል። አዳም ቲለን የሚባል የዚያው የሚኔሶታ ግዛት ልጅ በ2013 ምልመላ በሰባቱም ዙር የመረጠው አልነበረም። ለሙከራ መጥቶ ገባ፤ የመጀመሪያውን ዓመት በልምምድ ቡድን አሳለፈ። በ2014 የተቀበለው ስምንት ኳስ ነው፣ በ2015 አሥራ ሁለት። በእነዚህ ዓመታት ቦታውን ያቆየው ኳስ ሲለጋ እየሮጠ በመጋጨት፣ ማንም በማይወደው ሥራ ነበር። በ2016 ይኸው ቡድን ላኳን ትሬድዌልን በመጀመሪያው ዙር በ23ኛው ተራ መረጠ። በዚያ ዓመት ቲለን 69 ኳስ ቀብሎ 967 ያርድ ሄደ። ትሬድዌል የተቀበለው ኳስ አንድ ነው፤ 15 ያርድ። ሆኖም ትሬድዌል በ2017ም፣ በ2018ም ተጠበቀ። በሦስቱ ዓመታት በጠቅላላው 56 ኳስ ተቀበለ። ቲለን በ2018 ብቻ የተቀበለው 113 ነው።

ሁለቱም ተጠብቀዋል አትበሉኝ። አንዱ ጥበቃውን በየሳምንቱ በጉልበቱ እየከፈለ ነው የቆየው፤ ሌላው ግን በተመረጠበት ቀን አስቀድሞ ተከፍሎለት ነበር። እኔን የሚከነክነኝ እዚህ ላይ ነው። ትዕግሥት የሚታደለው እንደ ሰውዬው ፍላጎት ወይም ተስፋ ሳይሆን እንደ ዋጋው ሲሆን፣ የምግባር ስሙን ይዞ የሒሳብ መዝገብ ሆኗል ማለት ነው። የመረጠው ኃላፊ ተሳሳትክ እንዳይባል ልጁን ያቆየዋል። «ይህን ያህል አውጥተንበት!» ይላል። የወጣው ገንዘብ ልጁ ቢቆይም ባይቆይም ተመልሶ አይመጣም፤ ታዲያ እንዴት ምክንያት ይሆናል? በእኛም አገር የውጭ ትምህርት ተምሮ የመጣውና ከበር ላይ የተቀጠረው በአንድ ጥፋት እኩል አይታዩም፤ የነገሩ ባሕርይ አንድ ነው።

ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ተቆጣ። «አንተ ከሩቅ ሆነህ ነው የምትፈርደው! ዴቫንቴ አዳምስንስ ምን ልትለው ነው?» አለኝ። የያዘው ጥሩ መከራከሪያ ነበር። አዳምስ በ2014 በግሪን ቤይ ፓከርስ በሁለተኛው ዙር፣ በ53ኛው ተራ የተመረጠ ነው። በ2015 ዋናው ተቀባይ ጆርዲ ኔልሰን ጉልበቱ ተጎድቶ የዓመቱ ሸክም በአዳምስ ላይ ወደቀ። ራሱ ቁርጭምጭሚቱን እያመመው፣ ኳስ እያመለጠው፣ 483 ያርድ ሄዶ አንድ ታችዳውን ብቻ አስቆጠረ። ይባረር ያለው ደጋፊ ብዙ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት 997 ያርድ ሄደ፣ 12 ታችዳውን አስቆጠረ። በ2020 ደግሞ 115 ኳስ ቀብሎ 18 ጊዜ አስቆጠረ። በ2015 ቢያሰናብቱት ኖሮ በዘመኑ ካሉት ተቀባዮች ምርጡን በነፃ ሰጡ ማለት ነበር።

እውነት ነው። ግን አዳምስ በዚያ መጥፎ ዓመትም ከጠባቂው ተለይቶ ነፃ ቦታ ላይ ይደርስ ነበር፤ የሚጎድለው የመጨረሻው ክንድ ነው። የታመመ ቁርጭምጭሚት ይድናል፣ እጅም በልምምድ ይስተካከላል። ትሬድዌል ያቃተው ግን ከጠባቂው መለየቱ ራሱ ነበር፤ ኳሱ እንኳ አይመጣለትም። ይህን ልዩነት ማየት የአሠልጣኝ ሙያ ነው። ቢሆንም ከልቤ ስናገር፣ በጊዜው እርግጠኛ ሊሆን የሚችል ሰው አልነበረም። ፍርዱ የሚሰጠው ከማወቅ በፊት ነው። ከዚህም በላይ የአዳምስ ዓይነት ታሪክ ይተረካል፤ ተጠብቀው ምንም ያልሆኑት ብዙዎች ግን ተራኪ የላቸውም። የትዕግሥት ምስክሮች ሁሌ በአንድ ወገን የቆሙ የሚመስሉት ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያ ዙር ልጆች ውል ለአራት ዓመት ነው። ሦስተኛው የጨዋታ ዘመን ሲያልቅ ቡድኑ አምስተኛ ዓመት መጨመር አለመጨመሩን መወሰን አለበት፤ የእነሱ 21ኛ ቀን ይህ ነው። እኔ ብጠየቅ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ አቆዩት እላለሁ፤ ግን ኃላፊው የልጁን የምልመላ ተራና ዋጋ ሳይጠራ ለምን እንደሚያቆየው መናገር ከቻለ ነው። «የሚያመልጠው ይህ ነው፣ የምንሠራበት በዚህ መንገድ ነው፣ ቦታውም ለሌላው አልተዘጋም» ማለት ከቻለ ይቆይ። አፉን ሲከፍት ዋጋውን የሚጠራ ከሆነ ግን ልጁን አያሳድገውም፤ አግቶታል።

አግቶታል ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ፊላደልፊያ ከሱፐር ቦውሉ በኋላ ለአጎሎር አምስተኛውን ዓመት ጨመረለት። ያ ዓመት 2019 ነበር። በሴፕቴምበር አትላንታ ላይ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ለድል ሊያበቃቸው ይችል የነበረ ረጅም ኳስ ከእጁ ወደቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በምዕራብ ፊላደልፊያ አንድ ሕንፃ ተቃጠለ። ከመስኮት የተወረወሩ ሕፃናትን ከታች ሆነው ከቀለቡት ሰዎች አንዱ ለቴሌቪዥን ሲናገር፣ እኛ እንደ አጎሎር ሳይሆን ቀልበናል አለ። ከተማው ሳቀ፤ አገሩም ሳቀ። አጎሎር ግን ሰውየውን ስላደረገው ነገር አመሰገነና ከነቤተሰቡ ጨዋታ እንዲያይ ጋበዘው። ኳስ የሚጥለው ሰው ሌላም ነገር መሆኑን ያን ቀን ያላየ ካለ ማየት ያልፈለገ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፊላደልፊያን ለቆ ላስ ቬጋስ ሄደ፣ 48 ኳስ ቀብሎም 896 ያርድ ሄደ። በፊላደልፊያ በአንድም ዓመት ያን ያህል ያርድ ሄዶ አያውቅም። እያንዳንዷ የወደቀች ኳስ ዘፈን ከሆነችበት ከተማ መውጣቱ ሳይጠቅመው አልቀረም። «ይቆይ ወይስ ይጣል» ብለን ስንከራከር መልቀቅን ሁልጊዜ ከመጣል ጋር አንድ አድርገን እናየዋለን። የአክስቴ ልጅ እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ካርዱ አልቆበት ነው እላለሁ።

ሚኔሶታም በመጨረሻ ወሰነ። ለትሬድዌል አምስተኛውን ዓመት አልጨመረለትም፤ በኦገስት 31 ቀን 2019 አሰናበተው። ከሳምንታት በኋላ ከተቀባዮቹ አንዱ ሲጎዳ መልሶ ጠራው። በመጀመሪያው ዙር ውል ሳይሆን፣ እንደ ማንኛውም ከደጅ እንደ መጣ ሰው ነበር የተመለሰው። በዚያ ዓመት ዘጠኝ ኳስ ብቻ ተቀበለ፤ 184 ያርድ ሄደባቸው። በአንድ ኳስ ሲካፈል ከ20 ያርድ በላይ ነው። ሲጠበቅ በነበረባቸው ሦስት ዓመታት አማካዩ አሥር እንኳ አልሞላም ነበር።